ለአንድ ማንጎ የሚሆን አፈር እንተው

ውድ አዘጋጅ፣

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ ተከላ ትጽፋላችሁ። ተራራ ላይ የሚተከለውን፣ መንገድ ዳር የሚተከለውን እናነባለን። ጥሩ ነው፣ በርቱ። ስለ ግቢያችን ግን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ቤት ከሚሠራው ሰው አብዛኛው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ወይም ታይል ያለብሰዋል። አቧራው እንዳይነሳ ነው። መኪና እንዲገባ ነው። ለማጠብም ይቀላል። ይገባኛል። ቢሆንም እንደኛ ባለ ሞቃት ከተማ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው እላለሁ። ግቢ ያለው ሰው ቢያንስ ለአንድ የፍራፍሬ ዛፍ የሚሆን አፈር መተው አለበት።

የድሬን ከዚራ ሰፈር በእግሩ የሄደ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር የተቀየሱት ቀጥ ያሉ መንገዶች ዛሬም ከነዛፎቻቸው አሉ። ከፀሐዩ ወደ ጥላው ሲገቡ ትንፋሽ ይመለሳል። በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ይሄ የለም። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሲብስም ያልፋል። ሲሚንቶው ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይተፋዋል። ሌሊቱን ሙሉ ፋን ስናዞር እናድራለን። መብራት ከጠፋ ፍራሽ ይዘን ወደ ውጭ ነው።

የሚቆጨኝ፣ ይሄው የምናማርረው ሙቀት ለፍራፍሬ ሲሳይ መሆኑ ነው። ሐረር በደንገጎ በኩል ሩቅ አይደለችም። ግን ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሌላ ነው፤ አቮካዶና ኮክ እዚያ ይስማማቸዋል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አምበሾክ (ጊሽጣ የሚሉትም አሉ) ግን ሙቀት ወዳድ ናቸው። ዘይቱን፣ ሎሚና ሮማንም እኛ ጋ አይጠሉም። ቀፊራ ገበያ ሄደን በኪሎ የምንገዛው ፍሬ ከበራችን ሥር ሊበቅል የሚችል ነው።

ይህን ስል ሁሌ የሚመጣብኝ መልስ አንድ ነው፤ «አቦ፣ ለራሳችን የምንጠጣው ሳይኖር ለዛፍ ከየት አምጥተን?» እውነት ነው፣ ውኃው በፈረቃ ነው። በርሜልና ጀሪካን የማይደረደርበት ቤት የለም። ግን በየቀኑ ከየቤታችን ወደ መንገድ የሚደፋውን ውኃ አስቡት። ልብስ የሚታጠብበት የመጀመሪያው ውኃ ሳሙና ስለሚበዛበት ይደፋ። የማለቅለቂያው ውኃ ግን ለዛፍ ይሆናል። አትክልት የታጠበበት ከዚያም ይሻላል። በረኪና የገባበትን በፍጹም አትስጡት፤ ሥሩን ይጎዳል። ቅጠሉ ላይም አትድፉት፣ አፈሩ ላይ ነው። አፈሩም ሲባል ግንዱ ሥር ማለት አይደለም። ውኃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት የቅርንጫፉ ጥላ የሚያልቅበት አካባቢ ነው። እዚያ ዙሪያውን ትንሽ ቦይ አውጡለት። ጠዋት ማልዳችሁ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ አጠጡት።

ለትንሽ ችግኝ ደግሞ ሃይላንድ ይበቃል። የሃይላንዱን ታች በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ ትበሱና ከችግኙ አጠገብ ግማሹን ትቀብሩታላችሁ። ውኃ ስትሞሉበት ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ ፀሐይ አይወስደውም። በላዩ አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በረገፈ ቅጠል ሸፍኑት። የኒም ቅጠል በየሰፈሩ እየተጠረገ ይቃጠላል፤ እሱም ይሆናል። ግንዱን ግን አያስነኩት፣ እንዳይበሰብስ።

ስለ ውኃው ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የድሬ ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄ ኖራ አፈር ውስጥም ይከማቻል። ኖራ በበዛበት አፈር ዛፉ ብረትና ዚንክ መውሰድ ያቅተዋል። ስለዚህ የሎሚው ወይም የዘይቱኑ ለጋ ቅጠል የደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመሐላቸው ያለው ቢጫ ሲሆን ካያችሁ ውኃ አነሰው ብላችሁ አታጥለቅልቁት። የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ በየዓመቱ ስጡት። የዝናብ ውኃም ከቆርቆሮ አጠራቅሙለት፤ ኖራ የለበትም።

አሁን ወደ ዛፎቹ ልምጣ። ፓፓያ ከሁሉም ፈጣን ነው። በደንብ ከተያዘ በዓመቱ አካባቢ ፍሬ ይሰጣል። ብዙ ሰው ግን አንድ እግር ይተክልና «ያብባል እንጂ አያፈራም» ብሎ ይቆርጠዋል። ፓፓያ ወንድ አለው፣ ሴት አለው፣ ሁለቱንም በአንድ አበባ የያዘም አለው። ችግኝ ሳለ በዓይን አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ትንሽ አራርቃችሁ ትከሉና ሲያብቡ ተመልከቱ። ወንዱ በረጅም የተንዘረገገ ዘንግ ላይ ብዙ ትናንሽ አበባ ያወጣል። የሴቷ አበባ ግንዱ ላይ ተጠግቶ፣ ወፈር ብሎ፣ ውስጡ ትንሽ ፍሬ የመሰለ ነገር ይዞ ይታያል። ሁለቱንም የያዘው አበባ ከሴቷ ቀጠን ይላል፤ እሱ ራሱን ችሎ ያፈራል፣ ፍሬውም ረዘም ያለ ነው። ወንዱን ንቀሉት። ያላችሁ ሴት ብቻ ከሆነች ግን፣ በሰፈሩም ሌላ ወንድ ከሌለ፣ አንድ ወንድ ማስቀረት ነው። ዘር ስትመርጡ ከድቡልቡሉ ይልቅ ከረዥሙ ፍሬ ውሰዱ፤ ወንድ የመውጣቱ ዕድል ያንሳል። ዘሩን የሸፈነውን ልጋግ አጥባችሁ አስወግዱ። ፓፓያ ጥማትን ትንሽ ይችላል፣ ውኃ መተኛትን ግን አይችልም። ሥሩ ውኃ ከተኛበት በቀናት ውስጥ ይወድቃል።

አምበሾክ የእኔ ውድ ዛፍ ነው። አይገዝፍም፣ ለጠባብ ግቢ የተፈጠረ ይመስላል፣ ድርቅንም ይችላል። ችግሩ አበባው ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት መሆኑ ነው። አበባው መጀመሪያ እንደ ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ብናኙን የሚያወጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ አንድ አበባ ራሱን ማዳቀል ይከብደዋል። ይህን የሚሠሩለት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው፣ በደረቅ ሙቀት ግን እነሱም ይጠፋሉ። ሥራውን እኛ ልንሠራለት እንችላለን። ማልዳችሁ ተነሱ። በደንብ ከተከፈተው አበባ ላይ ብናኙን በትንሽ ኩባያ አራግፉ። ከዚያ በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ግማሽ ብቻ የተከፈተው አበባ ውስጥ አስገብታችሁ መሐሉን ቀባ ቀባ አድርጉት። ልጆች ይሄን ሥራ በጣም ይወዱታል። አበባው በቀጣዮቹ ቀናት ካልረገፈና ሥሩ ማበጥ ከጀመረ ይዟል ማለት ነው። የፍሬውን ጥቁር ዘር ግን ልጆች እንዳይፈጩት ተጠንቀቁ። ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

ማንጎ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከዘር የበቀለ ማንጎ ለማፍራት ስድስት፣ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም የጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ከዘር በበቀለ ችግኝ ላይ የተጣበቀበት፣ ግን በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፣ ዝርያውም የታወቀ ነው፤ ቶሚ አትኪንስ፣ ኬንት፣ ኪት፣ አፕል ማንጎ እየተባለ። እኔ ከአንድ ችግኝ ሻጭ «የተዳቀለ ነው» ተብሎ በውድ የተሸጠልኝ ማንጎ ከዘር የበቀለ ሆኖ ተገኝቷል። ጎረቤቶቼም እንዲሁ ደርሶባቸዋል። ችግኝ ከልብስ ይለያል፤ አልሆነም ተብሎ በሳምንቱ አይመለስም። መታለልህን የምታውቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ችግኝ የሚሸጥ ሁሉ የዝርያውን ስምና የተዳቀለ መሆን አለመሆኑን በወረቀት ጽፎ ማሰር ይገባዋል። የሚመለከተው አካልም ይህን ይቆጣጠር። ገዢውም ግንዱን ዝቅ ብሎ ይይ። የተዳቀለ ችግኝ ከሥሩ ከፍ ብሎ ጠባሳ ወይም ጎበጥ ያለ ቦታ አለው። ስትተክሉት ያ ጠባሳ ከአፈር በላይ ይሁን። ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ቀንጥሱ፤ ያ የሥረኛው ዛፍ ነው፣ ከተተወ የላዩን ይውጠዋል።

ማንጎ ካልተገረዘ ከ10 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ አራት አምስት ሜትር ይራቅ። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በየዓመቱ ከተገረዘ ግን በሦስት አራት ሜትር ቁመት ይኖራል፣ በእጅም ይለቀማል። ለማፍራት የደረሰውን ማንጎ በብርዱ ወራት ውኃ ቀንሱለት። ድሬ የሚቀዘቅዘው በታኅሣሥና በጥር ነው። ማንጎ አበባ እንዲያወጣ ያ ቅዝቃዜና ደረቅነት ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ ካጥለቀለቃችሁት ቅጠል ብቻ ያወጣል። ፍሬ ሲይዝ መልሳችሁ አጠጡት።

የፍራፍሬ ዝንብን በአጭሩ ልለፈው። ማንጎና ዘይቱን ውስጥ የምናገኘው ትል የዝንቧ እጭ ነው። መድኃኒት ከመርጨት በፊት የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ልቀሙ። ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አሰንብቱት። ዛፍ ላይ ያለውን ገና ጥሬ ሳለ በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልሉት። አንድ ግቢ ብቻውን ቢያደርገው ዋጋ የለውም፤ ዝንቧ አጥር አታውቅም። ሰፈሩ ተነጋግሮ ነው።

አፈር መተው ለዝናቡም ይጠቅማል። የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው ጎርፍ ከተራራ ነው የሚመጣው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደውም እንደዚያው ነው። የግቢ አፈር ያንን ያቆማል አልልም፣ እንዲህ ብሎ መናገር በሟቾች ላይ መቀለድ ይሆናል። ግን ከየግቢው ሲሚንቶ ወደ መንገድ የሚለቀቀው ውኃ ውስጥ ለውስጥ ያለውን መንገድ ሲያጥለቀልቅ እናያለን። ያ ውኃ የማንጎ ሥር ቢገባ ምን አለበት? ጣሪያው ላይ ያለውን አሸንዳ ወደ ዛፉ ጉድጓድ ማዞር ብዙ ወጪ የለውም።

ግቢ የሌለው ተከራይም አልተረሳም። ከታች የተበሳ ግማሽ በርሜል አንድ ሎሚ በደንብ ይይዛል። ሮማንም እንዲሁ። ቤት ሲለቅ ይዞት ይሄዳል።

ሲሚንቶ ያለበሳችሁ ሰዎችም ቤታችሁን አፍርሱ አልላችሁም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መስበር ለአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሥሩ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ አለመኖሩን ብቻ አረጋግጡ። 60 ሴንቲ ጥልቀት፣ 60 ሴንቲ ስፋት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሩ። የላዩን አፈርና የታችኛውን ለየብቻ አስቀምጡ። የላዩን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። የሐምሌ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይህ ካለቀ ችግኙ ክረምቱን በሙሉ ያገኘዋል። በጋ ሲገባ ከምዕራብ በኩል በሰሌን ወይም በማዳበሪያ ከለላ አድርጉለት። የከሰዓት ፀሐይ ነው ለጋ ችግኝ የሚገድለው።

አዘጋጁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ችግኝ ሻጮች ዝርያውን ጽፈው እንዲሸጡ የሚመለከታቸውን ጠይቁልን፤ እኛ ብንጠይቅ አይሰሙንም፣ ለእናንተ ግን መልስ መስጠት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ሰኔ ላይ አንድ ገጽ ስጡን። የወንድና የሴት ፓፓያ አበባ ጎን ለጎን በፎቶ ይውጣ። የተዳቀለ ማንጎ ጠባሳም በቅርበት ይታይ። ገጹን ቆርጦ ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሳቢያን ነዋሪ
ድሬዳዋ