ደብተሩን ዘግተሽ አጥኚ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈተናው ሦስት ሳምንት ስለቀረው ወሬ ሳላበዛ ወደ ክለሳው እገባለሁ።

ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ክለሳ አይደለም። አንድን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነቢ ዓረፍተ ነገሩን ዓይንሽ ለምዶታልና «ይሄንን አውቀዋለሁ» ትያለሽ። ፈተናው የሚጠይቅሽ ግን ገጹ ፊትሽ ሳይኖር ነው። መስመሩን ሁሉ በቢጫ ማቅለምም ያው ነው፤ ገጹ ያምራል፣ ጭንቅላት ሥራ ይፈታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። አንዱን ምዕራፍ ለ20 ደቂቃ አንብቢና ደብተሩን ዝጊ። በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ሁሉ ለ10 ደቂቃ ጻፊ፤ ትርጓሜውን፣ ፎርሙላውን፣ ሥዕሉን። ከዚያ ደብተሩን ክፈቺና የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ሙዪ። ለቀጣዩ ጊዜ የምታጠኚው ቀዩን ብቻ ነው። ያንኑ ምዕራፍ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ደግሞ ከሳምንት በኋላ እንደገና በባዶ ወረቀት ሞክሪው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየሸመደደ የራሱን መርሳት ለክቶ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ መርሳቱ ይዘገያል። የመጀመሪያው ድግግሞሽ ለነገ እንጂ ለፈተናው ዋዜማ የማይቀጠረው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ላይ የተሠራ ምሳሌ እያነበቡ ራስ መነቅነቅ ብዙ ተማሪ ይጎዳል። መልሱን በወረቀት ሸፍኚና ራስሽ ሥሪ፤ ከተጣበቅሽ አንድ መስመር ብቻ ገልጠሽ ቀጥዪ። የተሳሳትሽውን ጥያቄ ለብቻው በተዘጋጀ ደብተር ላይ አስፍሪ፣ ከጎኑም ምክንያቱን፦ ሐሳቡ አልገባኝም፣ ምልክት ወይም ስሌት ሳትኩ፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም። ሦስቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ «በግዴለሽነት ነው» ብለሽ አንድ ላይ አትጠቅልያቸው። ደጋግመው የሚመጡትን ስህተቶች በቁጥር መፈተን ይቻላል። (ሀ + ለ)² ከ ሀ² + ለ² ጋር እኩል የመሰለሽ እንደሆነ ሀን 1፣ ለን 2 አድርጊ፤ አንደኛው 9፣ ሌላው 5 ይወጣል። −3² ማለት −9 ነው፣ (−3)² ግን 9። −2ሀ < 6 የሚለውን ሁለቱንም ወገን በ−2 ስታካፍዪ ምልክቱ ይገለበጥና ሀ > −3 ይሆናል፤ 0ን ተክተሽ ሞክሪው፣ ሁለቱም እውነት ሆነው ይገኛሉ።

ሌላው ነገር፣ ከአንድ ምዕራፍ 20 ጥያቄ በተርታ አትሥሪ። ከሦስተኛው በኋላ የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ ሳታነቢም ታውቂዋለሽ። ፈተናው ግን ዘዴውን አይነግርሽም፤ ዘዴ መምረጥን የምትለማመጂው ከአራት ምዕራፍ አምስት አምስት ጥያቄ ስትቀላቅዪ ነው። መጀመሪያ ላይ ውጤትሽ ይቀንሳል፤ አትደንግጪ፣ ቀድሞ የነበረው ውጤት ነው የሸነገለሽ።

ፊዚክስ ላይ የፎርሙላ ዝርዝር ብቻውን ዋጋ የለውም። ለእያንዳንዱ ፎርሙላ ሦስት ነገር ጻፊ፦ እያንዳንዱ ፊደል ምን እንደሚወክል፣ በምን እንደሚለካ፣ መቼ እንደማይሠራ። የመጨረሻ ፍጥነት ከመነሻ ፍጥነት ሲደመር ፍጥንጥነት ሲባዛ ጊዜ ጋር እኩል የሚሆነው ፍጥንጥነቱ ካልተለወጠ ብቻ ነው። መለኪያ ደግሞ ብዙ ነጥብ ይበላል። 1,000 ኪሎ ግራም የሆነች መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። በ3.6 አካፍለሽ 20 ሜትር በሰከንድ ካደረግሽው ካይኔቲክ ኢነርጂዋ (በእንቅስቃሴዋ ምክንያት ያላት ጉልበት) 200,000 ጁል ነው። 72ን እንዳለ ካስገባሽው 2,592,000 ይወጣል፤ ፍጥነቱ በካሬ ስለሚገባ ስህተቱ 13 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ (አንዱ አካል ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ ሌላውም በእኩል ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል) የሚመጣውንም ወጥመድ እወቂው፦ ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍን መሬት ወደ ታች ትስበዋለች፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ግን የሦስተኛው ሕግ ጥንድ አይደሉም፣ ሁለቱም ያረፉት መጽሐፉ ላይ ነውና። የመሬት ስበቱ ጥንድ መጽሐፉ መሬትን የሚስብበት ኃይል ነው።

ኬሚስትሪ ላይ ሞልን፣ ማለትም የንጥረ ነገርን መጠን በቅንጣት ብዛት የምንለካበትን መለኪያ፣ ሳትጨብጪ ወደ ሌላ አትለፊ፤ የቀሩት ስሌቶች አብዛኞቹ እዚያ ላይ የቆሙ ናቸው። ሁለት ሞል የሃይድሮጅን ጋዝ ከአንድ ሞል የኦክስጅን ጋዝ ጋር ሁለት ሞል ውኃ ይሰጣል። ይህ በግራም 4፣ 32 እና 36 ነው። ቁጥሮቹን እንደ ግራም ወስዶ «2 ግራም ከ1 ግራም ጋር» የሚል ተማሪ ከመጀመሪያው መስመር ወድቋል። አሁን 10 ግራም ሃይድሮጅንና 32 ግራም ኦክስጅን ቢሰጥሽስ? ሃይድሮጅኑ 5 ሞል፣ ኦክስጅኑ 1 ሞል ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ስለሆነ ውኃው 36 ግራም ላይ ይቆማል፣ 6 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። 42 ብለሽ ከደመርሽ ወይም በሃይድሮጅኑ ብቻ አስልተሽ 90 ካልሽ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚያልቅ አልጠየቅሽም ማለት ነው።

ባዮሎጂ የሚወደው ንጽጽርና ሥዕል ነው። ሁለቱን የሴል ክፍፍል ዓይነቶች፣ ማይቶሲስና ሚዮሲስን፣ ሠንጠረዥ ሠርተሽ ከቃልሽ ሙዪው፤ 46 ክሮሞሶም ያለው የሰው ሴል በማይቶሲስ 46 ክሮሞሶም ያላቸው 2 ሴሎች፣ በሚዮሲስ 23 ያላቸው 4 ሴሎች ይሰጣል። ልብን ስትሥዪ የልብ ግራ ክፍል በወረቀቱ ቀኝ በኩል መሆኑን አትርሺ። «ደም ቅዳ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛል» ብለሽም አትሸምድጂ፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰውን ነው። ደም ቅዳና ደም መልስ የሚለዩት በፍሰቱ አቅጣጫ ነው።

ታሪክ ላይ ዓመተ ምሕረት ብቻ አትደርድሪ። የቆየውን ምክንያትና የቅርቡን ቀስቃሽ ለዪ። ሰኔ 1914 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ የተፈጸመው ግድያ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀስቃሽ ነበር፤ የመንግሥታት ኅብረትና የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ግን ከዚያ ቀድመው የነበሩ ናቸው። ማብራሪያ ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚለየው ይህ ነው። ጂኦግራፊ ላይ የካርታ ስኬልን ተለማመጂ፦ በ1:50,000 ካርታ 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በስፋት ሲሆን ግን 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚወከለው በ4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው።

ለቃላትና ለትርጓሜ ትናንሽ ካርድ ይበቃል፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ አጭር መልስ። አንድ አንቀጽ ሙሉ ከጻፍሽበት ካርድ መሆኑ ቀርቶ ደብተር ሆነ።

በመጨረሻው ሳምንት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ገደብ ሥሪ። 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለመመልከቻ 10 ደቂቃ አስቀርተሽ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በላይ የያዘሽን ምልክት አድርገሽበት እለፊ። ምርጫ ጥያቄ ላይ አማራጮቹን በእጅሽ ሸፍነሽ መጀመሪያ የራስሽን መልስ አውጪ፤ የተሳሳቱት አማራጮች የሚዘጋጁት ተማሪዎች ከሚሠሩት ስህተት ነውና ቀድመሽ ካየሻቸው ይስቡሻል። ጥያቄ ዘለሽ ስታልፊ መልስ መስጫው ወረቀት ላይም ቁጥሩን መዝለልሽን እዪ፤ በየአስር ጥያቄው አንድ ጊዜ ቁጥሮቹን አመሳክሪ።

አባትሽ