ማሊያው ምን አጠፋ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሰኞ የ9ኛ ክፍል ልጄ ከትምህርት ቤት በር ተመለሰ። ጥፋቱ? ከዩኒፎርሙ ሹራብ ስር የለበሰው የእግር ኳስ ክለቡ የኢትዮጵያ ቡና ማሊያ አንገትጌው ብቅ ብሎ ታየበት። ጓደኛው ደግሞ የተቀናቃኙ ክለብ የጊዮርጊስ ስካርፍ ቦርሳው ውስጥ ተገኝቶበት ተቀማ።

ዩኒፎርምን አልቃወምም። የሀብታምና የድሃ ልጅ በልብስ እንዳይለይ ያደርጋል፤ ለኪሴም ይበጃል። የትምህርት ቤቱ የረብሻ ስጋትም ይገባኛል። ሸገር ደርቢን፣ የቡናንና የጊዮርጊስን ጨዋታ፣ ስታዲየም ገብቶ ያየ ሰው ስድቡ አንዳንዴ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ግን ጊዮርጊስ እኮ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክለብ ነው! እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ቡና በጊዮርጊስ ሲሸነፍ እራት አልበላም ብዬ አውቃለሁ። (እኛ ቤት ቡና በዘር ይወረሳል።)

የገረመኝ ሌላ ነው። የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ አርማ ያለበት ቦርሳ በዚያው በር በየቀኑ ያልፋል። ማንም ምንም አይልም። ረብሻ የሚሆነው የአገር ቤቱ ክለብ ሲሆን ብቻ ነው እንዴ?

በወር አንድ አርብ ማሊያ ይፈቀድ። የቡናና የጊዮርጊስ ልጆች ተደባልቀው በአንድ ቡድን ይጫወቱ። የተሳደበ ይቀጣ። የተቀማውንም ስካርፍ ይመልሱለት፤ የታላቅ ወንድሙ ነው።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ