የውሽውሽ ሻይ ዋጋ ጅማ ላይ ለምን ጨመረ? ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት ከጅማ ነው፤ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ካለች ትንሽ ሻይ ቤት። አዎ፣ በቡና አገር ሻይ እሸጣለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሮጠው፣ ከገበያ የሚመለሱት እናቶች፣ በረመዳን ደግሞ ካፈጠሩ በኋላ ተሰብስበው የሚጫወቱት ልጆች፣ ሁሉም ብራዴን ያውቁታል። ቅርንፉድና ቀረፋ እጨምራለሁ፣ ኮረሪማም አልቆጥብም። ቅጠሉ ላይ ግን ጨርሶ አልደራደርም።

ባለፈው ሰሞን ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ከየት ቢሮ እንደመጡ መጻፍ አልፈልግም፣ ሰው ለመክሰስ አይደለም የተነሳሁት። ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ዋጋ አዩና ለምን እንደጨመርኩ ጠየቁኝ። ጦርነቱ ሁሉን ነገር አስወደደው ስላቸው «ሻዩ ከዚሁ ከውሽውሽ ነው የሚመጣው፤ የባሕር ማዶ ጦርነት አንቺን ምን አገናኘሽ? ካልቀነስሽ እናሽጋለን» አሉኝ። ደንግጬ መልስ አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ሳስበው አደርኩ።

እውነት ነው፣ ካፋ ያለው የውሽውሽ ሻይ እርሻ ቅርብ ነው። በቦንጋ መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቅጠሉ ባሕር አያቋርጥም፤ ቅጠሉን የሚያበቅለውና እኔ ዘንድ የሚያደርሰው ነገር ግን ያቋርጣል። ሻይ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ እየተለቀመ መሬቱን የሚያራቁት ተክል ስለሆነ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ዩሪያ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። የካቲት 2014 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ጋዙም ማዳበሪያውም በዓለም ገበያ ናረ። ናፍጣው፣ የማሽን መለዋወጫው፣ ውስጡ አልሙኒየም የለበሰው ማሸጊያ፣ ይህ ሁሉ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ጅቡቲ ደግሞ ያለችው የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር በሆነው በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ሲጀምሩ ብዙዎቹ የስዊዝን መንገድ ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞሩ፤ የእስያና የአውሮፓ ጉዞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ፣ እዚያው መስመር ላይ የቀረው መርከብም የጦርነት ኢንሹራንስ ተጨመረበት። ሁሉን በጦርነት ማሳበብ ግን ልክ አይደለም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ እሱም የራሱን አድርጓል።

ይህ ሁሉ ሻይ በጠቅላላው ለምን እንደተወደደ ይናገራል። ጥሩው ሻይ ለምን ባሰ የሚለው ግን ሌላ ነው፣ ተቆጣጣሪዎቹም ያልገባቸው እሱ ይመስለኛል።

ጥሩ ሻይ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው። ወጣትነቷን ሻይ በመልቀም የጨረሰች ደንበኛ አለችኝ፣ ስታወራ ጣቶቿ አሁንም ይለቅማሉ። አንዱ ቁጥቋጦ በየሳምንቱ ወይ ቢበዛ በየሁለት ሳምንቱ መለቀም አለበት ትላለች፤ ከዘገየ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ከጠነከረ ደግሞ ያ ለስላሳ ጣዕም የለም። የተለቀመው በዚያው ቀን ፋብሪካ ካልደረሰ በጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይበላሻል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት አራት፣ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ይሄዳል። እንግዲህ ናፍጣ ጠፍቶ መኪናው ሲዘገይ፣ መለዋወጫው ወደብ ላይ ሲቀር፣ የቀን ሠራተኛው ኑሮ ሲከብደው ጥሎ ሲሄድ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ለጋው ሻይ ነው። ሻካራው ሻይ ትንሽ መዘግየት ይችላል። ጥሩው አይችልም። ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ሻይ እርጥበትና ሽታ ቶሎ ስለሚስብ ደህና ማሸጊያ ይፈልጋል፣ ማሸጊያው ደግሞ በዶላር ነው። ዶላር ሲወደድ ምርጡን ለውጭ ገበያ መሸጥ ያዋጣል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ያንሳል።

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940፣ ሻይን በራሽን አደረጉ፤ ለአንድ ሰው በሳምንት 57 ግራም ገደማ። ራሽኑ እስከ 1952 ቆየ። እኔ ራሽን አልጠይቅም። ግን መንግሥታቸው ሻይ ለሕዝቡ ምን እንደሆነ ገብቶት አቅርቦቱን ራሱ ያዘው፤ ሻጩን በማስፈራራት ብቻ አልተወውም።

እኔማ ፈርቼ ዋጋውን ቀነስኩ። ለዚያ ስል ርካሹን፣ ዱቄት የሚመስለውን ቅጠል ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ለዓመታት እኔ ጋ የሚጠጡ አንድ አባባ ግማሽ ብርጭቆ ትተው ተነሱ። «ልጄ፣ ሻይሽ ምን ነካው?» አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በማግስቱ ወደ ድሮው ቅጠሌ ተመለስኩ፣ ዋጋውንም መለስኩት።

ክቡር ሚኒስትር፣ የምለምንዎት ይህን ነው። ተቆጣጣሪ ከማሸጉ በፊት የግዢ ደረሰኝ ይይ። በስንት እንደገዛሁ እዚያ ላይ አለ፣ የምሸጥበት ዋጋም ግድግዳዬ ላይ ነው፤ አላግባብ አትርፌ ከተገኘሁ ያን ጊዜ ልቀጣ። በእያንዳንዱ የሻይ እሽግ ላይ ደረጃውና የተመረተበት ወር በግልጽ እንዲጻፍ ያድርጉልን፣ ሰው ጨምሮ ሲከፍል ምን እንደገዛ ይወቅ። ደግሞም የካፋና የሸካ ሻይ ያለዚያ ውድ ማሸጊያ፣ በጆንያና በኪሎ፣ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ጅማ ላይ የሚሸጥበትን መንገድ ያመቻቹልን። አሁን እኛ በደጃችን አልፎ አዲስ አበባ ሄዶ ታሽጎ የተመለሰውን ሻይ ነው የምንገዛው፤ የደርሶ መልሱ ናፍጣ ብቻ ስንት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ደረሰኞቼን ከ2014 ጀምሮ በካርቶን አስቀምጫለሁ። ሰው ቢልኩ በደስታ አሳያለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አለሁ፣ ብራዱም ተጥዷል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት፣ ጅማ