ሪሞቱ አንቺ ጋ ይሁን

የኔ እናት፣

ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት አየሁት። «የእሁዱን ሌክቸር ከእንግዲህ አላይም፣ ይቅርታ አባዬ።» ከሥሩ ደግሞ ስለ ሒሳብ ኮርስ አንድ መስመር አለ። ይቅርታዋ ስላለችበት አልተናደድኩም። በአፌ ብመልስልሽ ግን እንደለመድነው እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ አንቺ በርሽን ትዘጊያለሽ፤ ለዚህ ነው መጻፌ። ፊደሉ ከከበደሽ አያትሽ ታነብልሻለች። እሷም ውስጡ ስላለችበት ደስ ይላታል።

ልክ ነሽ፣ እሁድ እሁድ ተሰብስበን በቴሌቪዥን የምናየው ያ የኢኮኖሚክስ ኮርስ የእኔ ጥፋት ነው። ያገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭ ላይ ሳጥኑን በ5 ዶላር አገኘሁት። 36 ሌክቸር በ5 ዶላር! ርካሽ ነገር አይቼ ማለፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ሦስተኛው ዲስክ ሳጥኑ ውስጥ እንደሌለ ያወቅነው ሁለተኛውን ጨርሰን ነው፤ ለነገሩ ከእናትሽ በቀር ማንም አላዘነም፣ እሷም ያዘነችው ለ5 ዶላሩ ነው። ወንድምሽ ሶፋው ላይ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «እያዳመጥኩ ነው» ስል የነበረው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ውሸት ነው።

ግን ለምን ችክ እንደምል ስሚኝ። አገር ቤት አስተማሪ ሳለሁ፣ በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እየተዘጋጀ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። እኔ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አወራና ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ጎበዞች!» ብሎ ይቀጥላል። ልጆቹ ገና ጥያቄውን ደብተራቸው ላይ እየገለበጡ ነው። ማቆም የለ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለ። መብራት ከሄደማ የዚያን ቀን ትምህርት የበላው ጅብ አልጮኸም። አንድ ቀን አንዱ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ ለስክሪኑ «ቲቸር፣ አንዴ ይድገሙልን» አለው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሪሞት አልነበረኝ።

እዚህ ቤት ሪሞት አለን። እኔ ግን ለራሴ ይዤው ማንንም አላስቆምም ነበር፤ ፕላዝማ ሆኜባችኋለሁ።

ጥሩ እሁድ የነበረን አንድ ቀን ነው፣ የጂኦሎጂው። ሪሞቱ በአጋጣሚ አንቺ እጅ ላይ ነበር። ሰውዬው ስለ አፋር ያወራል፤ በፈረንጆቹ 2005 መስከረም ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር እንደተላቀቀ። አንቺ እየተረጎምሽላት አያትሽ «አፋር» የምትለዋን ቃል ለቀም አደረገችና «ቆይ፣ አቁሚው» አለችሽ። አባቷ ከገበያ አሞሌ ጨው ሲያመጣ፣ ግመሎቹ ከበረሃ ይዘውት እንደሚወጡ ነገረችን። በእጇ ርዝመቱን አሳየችሽ፣ በስኒ ትሪው ላይ። ቀጥላ ደግሞ «ባሕር በሌለበት ጨው ከየት መጣ?» አለች። ፕሮፌሰሩ ይህን አላነሳም ነበር። አንቺ ስልክሽን አውጥተሽ ፈለግሽ፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እየደጋገመ ወደዚያ ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ፣ ውሃው ተንኖ ጨው እንደቀረ አነበብሽልን። የ30 ደቂቃዋ ሌክቸር 1 ሰዓት ከ20 ፈጀች። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር።

እና የሚቀጥለውን ኮርስ አንቺ ምረጪ። ግሬት ኮርስስ የሚባሉትን እነዚህን የሌክቸር ኮርሶች የሚያወጣው ቲቺንግ ካምፓኒ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1990 ነው፤ አድራሻው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሻንቲሊ፣ እኛ ግን ሩቅ አገር ያለ ይመስል በፖስታ ማስመጣት ስናስብ ኖረናል። ሌክቸሮቹ ባብዛኛው ግማሽ ሰዓት ናቸው፣ ኮርሶቹም ብዙ ጊዜ 12፣ 24፣ 36 ወይም 48 ሌክቸር። በሳምንት አንድ ካየን 48ቱ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እባክሽ አይሆንም። 12 ይበቃናል። የተጻፈውን ዋጋ አይተሽም አትደንግጪ፣ ቅናሽ የማይኖርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች ደግሞ በካርድሽ ብቻ ካኖፒ በሚባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያሳዩሻል። መጀመሪያ እሱን እዪ።

ርዕሱንና የዩኒቨርሲቲውን ስም ተይው፣ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። የመጀመሪያውንም ሌክቸር አትመኚ፤ እንደ እጮኛ ነው፣ አምሮበት ነው የሚመጣው። ስድስተኛውን ክፈቺና 10 ደቂቃ እዪ። ስንት ጊዜ ማቆም አማረሽ? ሰው ጠርተሽ «ይሄን ሰምተሃል?» ማለት ካማረሽ እሱ ነው። ያቆምሽው ግራ ስለገባሽ ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

ወረቀትሽ ላይ የጻፍሽው የሒሳብ ነገር ግን ለእሁድ አይሆንም። ሒሳብ በማየት ቢገባ ኖሮ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚውል ውሻ ሁሉ ልኳንዳ በከፈተ። ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የለቀቀው የፕሮፌሰር ጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ኮርስ አለ፤ መልመጃውም ፈተናውም አብሮት አለ። ለዚህ እርሳስና የተዘጋ በር ያስፈልግሻል፣ በሩን መዝጋት ደግሞ ትችያለሽ። ከጠነከረብሽ ለሁለት እንቀመጣለን፣ እኔም ረስቼዋለሁ።

ወንድምሽ ዳይኖሰር ካልሆነ ብሎ መጮሁ አይቀርም። እሱን ራስሽ ተደራደሪው።

እሁድ 10 ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አላነሳሁትም።

አባትሽ