ግራሙን ከኪሎው ጋር አታጋጪ
ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? አክስትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ ነው የበረታብን።

የፊዚክስ ልምምድሽን ፎቶ አየሁት። ቀመሩ (ክብደት በልዩ ሙቀት በዲግሪ ልዩነት ሲባዛ) ልክ ነው፤ ማባዛትሽም አልተዛነፈም። መልስሽ ግን 151,200,000 ጁል ይላል። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ 500 ግራም ማለት ነው፣ ከ20 ዲግሪ ወደ 92 አድርሶ ለማፍላት! አንድ ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በሰከንድ የሚሰጠው 1,000 ጁል ነው። በአንቺ ስሌት ከሄድን አክስትሽ የቡናውን ውሃ የምታፈላው በ42 ሰዓት ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ይበተናል።

ጥፋቱ 4,200 ላይ ነው። ይህ የውሃ ልዩ ሙቀት፣ ማለትም አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ የሚለካው በጁል ለኪሎ ግራም ለዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ አንቺ ደግሞ 500 ግራም አባዛሽበት። ወይ 0.5 ኪሎ ግራም በ4,200፣ ወይ 500 ግራም በ4.2 አባዢ፤ ሁለቱም በ72 ዲግሪ ልዩነት 151,200 ጁል ይሰጡሻል። ዕቃው የሚወስደውን ሙቀት ካልቆጠርን ሁለት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ከነአሃዱ ጻፊና አሃዶቹን እርስ በርስ ሰርዢ። ግራም ከኪሎ ግራም ጋር አልሰረዝ ሲልሽ እዚያው ትደርሺበታለሽ።

መምህርሽ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ማለታቸውን ወድጄዋለሁ። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት እዚያ አካባቢ ነው፤ ሐረጎን ወርደሽ እኛ ዘንድ ስትደርሺ ወደ 94 ይጠጋል።

ዳር ላይ ወደ ኬልቪን ልትለውጪው 72 ላይ 273 ደምረሽ መልሰሽ ሰርዘሻል። ደግ አደረግሽ። 20 ዲግሪ 293 ኬልቪን ነው፣ 92 ደግሞ 365፤ ሲቀናነሱ ያው 72 ነው።

እኛም ቦይለር ክፍል ይህ ጣጣ አለብን። የአሮጌው ሰሌዳ 860,000 ኪሎ ካሎሪ በሰዓት ይላል፣ የአዲሱ 1,500 ኪሎ ዋት። አዲስ ገቢዎቹ አሮጌው ይበልጣል ብለው ይሟገቱኛል። 860 ኪሎ ካሎሪ በሰዓት አንድ ኪሎ ዋት ስለሆነ አሮጌው 1,000 ኪሎ ዋት ብቻ ነው።

የብረቱን ጥያቄ አልነካሁትም። 450 የተባለው የብረት ልዩ ሙቀት ለኪሎ ግራም ነው፤ የተሰጠሽ ክብደት ግን በግራም ነው። ሠርተሽ እሑድ ይዘሽው ነይ። እናትሽ ለደሴ ብርድ የሚሆን ሹራብ አዘጋጅታልሻለች።

አባትሽ