ባዶ ጀርባ ብቻውን አይበቃም፦ የቲ206 ሙከራ ህትመት ስትመረምሩ

ውድ አባላት፣

ቲ206 የሚባሉት የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕልና ስም ያለባቸው ካርዶች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኬት ጋር የወጡ ናቸው። የተራው ካርድ ጀርባ የሲጋራ ማስታወቂያ አለበት፤ የሙከራ ህትመት፣ ማለትም ከዋናው ህትመት በፊት ለማየት የታተመው፣ ግን ጀርባው ባዶ ነው። ሆኖም ጀርባው ባዶ የሆነ ሁሉ የሙከራ ህትመት አይደለም። በማተሚያ ቤት የተጣለ ብልሽትም፣ ጀርባው በውሃ ተነክሮ የተላጠም ያጋጥማል። የተላጠው ከተራው ካርድ ይሳሳል፤ ሁለቱንም ውፍረት በሚለካ መሣሪያ (ማይክሮሜትር) ለኩ። ብርሃን ከጎን ስታበሩበትም ጀርባው ሻካራ ሆኖ ይታያል።

ትልቁ ሥራ በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር የሚሠራው ነው። ካርዱ የሊቶግራፊ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀለም ከጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሰሌዳ ላይ ለብቻው የሚታተምበት ዘዴ፣ ሥራ ስለሆነ የተጫዋቹ ስም ፊደል ቡናማና ድፍን መሆን አለበት። ፊደሉ ከጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ተገጣጥሞ ከታያችሁ የዘመናችን ቅጂ ነው፤ እዚያው አቁሙ። ስም ጭራሽ ከሌለበት ግን አትቸኩሉ፤ ሙከራ ላይ ስሙ ገና ሳይታተም የቀረ ሊሆን ይችላል።

ጠርዙ ላይ የቀለም ማስተካከያ መስቀል (ቀለሞቹ በትክክል እንዲደራረቡ አታሚው የሚያደርገው ምልክት) ካለ ረጋ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚታተም፣ እውነተኛው መስቀል ላይ የተለያዩ ቀለሞች ተደራርበው፣ አንዳንዴም በፀጉር ስፋት ተዛንፈው ይታያሉ። በብዕር የተጨመረ መስቀል አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ቃጫ ውስጥም ይሰርጋል።

በአልትራቫዮሌት መብራት ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ፣ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ያ ደግሞ በዚያ ዘመን ወረቀት ውስጥ አልነበረም። አለማብራቱ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ አሮጌ ባዶ ወረቀት ዛሬም ይገኛል።

እባካችሁ፣ ከምርመራው በፊት አታጽዱት፣ ጠርዙንም አትከርክሙ። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንሱ፤ ከሻጩም የቀድሞ ባለቤቶችን ደብዳቤና ደረሰኝ ጠይቁ።