ማዘል ልጅ አይጎዳም፤ እርማት ይውጣበት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጨቅላ ሕፃናት አእምሮና ስሜት ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዙው ትክክል ነው። የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከየትኛውም ዕድሜ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያድግ መጻፋችሁ ደግ አድርጋችኋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በገጹ መሐል ያለው ፎቶና ከሥሩ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር ነው። በፎቶው ላይ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ዳር ልጇን አዝላ ጉሊት የተቀመጠች እናት ትታያለች። ከሥሩ «ቀኑን ሙሉ የእናቱን ጀርባ የሚያይ ሕፃን ስሜት ማንበብ አይማርም» ይላል።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። በአካባቢው ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ልጇን የከተብኩት እኔ ነኝ። የ6ኛውን፣ የ10ኛውንና የ14ኛውን ሳምንት ክትባት ቀኑን ሳታሳልፍ አስከትባለች። ዘጋቢያችሁ ስሟን አልጠየቃትም፤ ፎቶ ላንሳሽ ወይ አላላትም። ከመንገዱ ማዶ አንስቷት ሄደ፤ እናንተም ልጇን የምትጎዳ እናት ምሳሌ አድርጋችሁ ለአገር አሳያችኋት። የሰማችው ሽንኩርት ሊገዛ ከመጣ ደንበኛዋ ነው፤ በስልኩ አሳያት። እኔ ዘንድ የመጣችው እያለቀሰች ነበር። «ሲስተር፣ ልጄን ጎድቼዋለሁ እንዴ?» አለችኝ። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው።

አሁን ልጁን አታዝለውም። ፊቷን እንዲያይ ብላ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋ ከፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች፤ ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ በሚመላለስበት መንገድ ዳር፣ አቧራው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ። ሌላ እናት ደግሞ ሥራዋን እስክትጨርስ ልጇን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ፊት እንዲያይ ብላ ስልክ ላይ ቪዲዮ እንደምትከፍትለት ነገረችኝ። ከጀርባ የወረደ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ለአፍታ አስቦበት ነበር?

ወደ ሳይንሱ ልግባ። ዘገባው ድጋፍ አድርጎ ያቀረበው የአሜሪካዊውን ተመራማሪ የኤድዋርድ ትሮኒክን «ዝም ያለ ፊት» ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ነው። እናት ከጨቅላዋ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትጫወታለች። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ታደርቃለች፤ አትናገርም፣ አትነካውም፣ አትስቅለትም። ልጁ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል፤ መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይከፋዋል። ሙከራውን በትክክል ተርካችሁታል። ከዚህ ተነስታችሁ ማዘልን የኮነናችሁት ግን በምን መንገድ ነው? በሙከራው ውስጥ የታዘለ ልጅ የለም። የታየው መልስ ትሰጥ የነበረች እናት በድንገት መልስ ስትነፍግ ልጁ የሚሆነው ነው። ጉሊት የተቀመጠችው እናት መቼ መልስ ነፈገች? ልጁ ሲነቃነቅ ትወዘውዘዋለች፣ ቂጡን መታ መታ ታደርገዋለች፣ እሹሩሩ ትለዋለች። ደንበኛ ሁሉ ጉንጩን ሳይነካ አያልፍም። በትከሻዋ በኩል አሻግሮ የሚያየው የሰው ፊት፣ ቤት ውስጥ ብቻውን የተኛ ልጅ ከሚያየው እጅግ ይበልጣል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ካናዳውያኑ ዴል ስታክና ዳርዊን ሙር ይህንኑ ሙከራ ደግመው፣ እናቶቹ ፊታቸውን እንዳደረቁ በእጃቸው ግን ልጁን እንዲነኩት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 ያሳተሙት ውጤት ግልጽ ነው፦ የተነኩት ሕፃናት ይበልጥ ፈገግ አሉ፣ የከፋቸውም በጣም ያነሰ ነበር። የእናት ገላ ለሕፃን መልስ ነው ማለት ነው። በጀርባ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ አይለየውም። በሞንትሪያል ኡርስ ሁንዚከርና ሮናልድ ባር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሌሎቹ ለረዘመ ሰዓት በእጅ ወይም በማዘያ የተያዙ ሕፃናት በ6ኛ ሳምንታቸው ለቅሷቸው በ43 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2013፣ እናት ልጇን ይዛ ስትራመድ የልጁ የልብ ምት እንደሚረጋጋ በመሣሪያ ተለክቷል።

አስተዳደግ ለውጥ አያመጣም አልልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሃይዲ ኬለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በካሜሩን የንሶ ብሔረሰብ ገበሬዎች ልጆች፣ በገላ ንክኪ የሚያድጉት፣ ራሳቸውን በመግዛት ቀደሙ፤ ፊት ለፊት ጨዋታ የሚበዛላቸው የግሪክ ከተሜ ልጆች ደግሞ በመስታወት ራሳቸውን በመለየት ቀደሙ። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይቀድማል። ከዚህ ውስጥ «ጉዳት» የሚል ቃል ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ አይንስዎርዝም ልጅ ከእናቱ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር በቤታቸው እየተገኘች ያጠናችው እ.ኤ.አ. በ1954 እና 55 በካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች ነው። ልጅ የሚያዝሉ የምሥራቅ አፍሪካ እናቶች ለዓለም ያስተማሩትን እውቀት መልሳችሁ ለምሥራቅ አፍሪካ እናት መክሰሻ አደረጋችሁት፤ ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ስሜት ማንበብ አይማርም ላላችሁት ደግሞ ወደ ክትባት ክፍሉ ኑ። ለ6ኛው ሳምንት ሲመጡ ብዙዎቹ ፈገግታ እየጀመሩ ነው። በ14ኛው ሳምንት መርፌውን ይዤ እንኳ ይስቁልኛል። በ9 ወር ለኩፍኝ ሲመጡ ግን ያ ሳቅ የለም፤ ነጩን ጋዋኔን ገና ከበሩ ሲያዩ ከእናታቸው ጀርባ አንገታቸውን አስግገው ፊቷን ይፈልጋሉ። እሷ ዞር ብላ ከሳቀች ይረጋጋሉ፤ ከተጨነቀች ያለቅሳሉ። ታዝለው የሚመጡት ልጆች ይህን ሲያደርጉ በየሥራ ቀኑ አያለሁ።

እናቶችን የምመክረው አለኝ። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ይደገፍ፣ አፍንጫው በነጠላ አይሸፈን፤ ለማጥባት ስታወርዱት ፊቱን እያያችሁ አውሩት። ይህን ብትጽፉ ኖሮ ገጹን ቆርጬ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር።

ዳር ያለን ሰዎች በጋዜጣችሁ የምንታየው ውሃ ሲጠፋ፣ ታክሲ ሲጠፋ፣ ጭቃው መንገድ ሲዘጋ ነው። ያነጋገራችኋቸው ባለሙያዎች በሙሉ ከመሐል ከተማ ናቸው፤ ልጅ ያዘለች አንዲት እናት እንኳ አልተናገረችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ልጅ ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ሲደርስ 98 ቀኑ ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካ የሚሠሩ እናቶችን ልጆች ለዚያ ክትባት የሚያመጡልኝ አያቶችና ጎረቤቶች ናቸው። የጉሊት ነጋዴዋ ደግሞ ያም ፈቃድ የላትም። የከተማው አስተዳደር አዲስ አበባን ከአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ይበልጥ ልጅ ለማሳደግ የተመቸች ከተማ አደርጋለሁ ብሏል፤ የሕፃናት ማቆያ ለእሷ ልጅ ይደርሳል ወይ ብላችሁ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነበር። እሱን ትታችሁ ያላትን አንድ መፍትሔ ነቀፋችሁባት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

እኔም ልጄን ያሳደግኩት በጀርባ ነው። ያኔ የምሠራበት የግል ክሊኒክ ማቆያ አልነበረውም፤ ደመወዜም ለሞግዚት አይበቃም ነበር። ቀን እናቴ፣ ማታ እኔ እናዝላት ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባነብ ኖሮ ምን ያህል እንደምጨነቅ ስለማውቅ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። የእኔ ልጅ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፤ ጥናቶቹን የዘረዘርኩትም ለዚሁ ነው።

የምጠይቀው እርማት በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን እንዲወጣ ነው፤ «የትሮኒክ ሙከራ ስለ ማዘል የሚለው ነገር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር በግልጽ ይኑርበት። ሴትዮዋን ማነጋገር ከፈለጋችሁ ፈቃደኛ ናት። ከዚያ በፊት ግን ፎቶዋን ከድረ ገጻችሁ አውርዱላት።

ከአክብሮት ጋር፣
የክትባት ክፍል ነርስ፣ ከቦሌ አራብሳ